ጠበቃ አይደለሁም

ማክሰኞ ማለዳ፣ ግሪምስቢ፣ ወደብ ዳር።
ስታገል ከቁልፉ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ጋር፣
አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ጃኬቱ የዓሣ ሽታ፣
ብብቱ ሥር ፖስታ፣
እንደ ታመመ ልጅ ያቀፈው በስስት፣
ዝናብ እንዳይነካው፣ እንዳይረጥብበት።

ስሙ ኦስዊን ፕራት። ሃያ ሁለት ዓመት
ዓሣ ሲበልት ኖሯል በረዶ ካለበት፤
ጣቶቹ ደንዝዘው ገጽ አይገልጡም ቶሎ።
«ቤት ልቀቅ ይላል» አለኝ፣ ድምፁ ተከፋፍሎ፤
«እስከ ወሩ ማለቂያ። ወጣሁ ማለት ነው? በቃ?»
እኔም እንደ ልማዴ፦ «አይደለሁም ጠበቃ።»

ይህችን ቃል በቀን ውስጥ አሥር ጊዜ እላታለሁ።
አንዳንዱ እንደ ስድብ ይሰማዋል፤ አውቃለሁ።

ጎረቤቱ ብሎታል፦ «ኪራይ መክፈል አቁም።»
መጠጥ ቤት ያገኘው፦ «ዝም በል፣ ምንም አያመጡም።»
ስልኩ ላይ ያነበበው የሌላ አገር ሕግ ነው፣
ውቅያኖስ ማዶ ያለ፣ እሱን የማያውቀው።
አንዱ ደግሞ ስልሳ ፓውንድ ተቀብሎ ሸጦለታል ቅጽ፤
እኛ ዘንድ በነፃ የሚታደል፣ ያው ራሱ፣ ገጽ በገጽ።

አንዴ ተናግሬያለሁ እኔም፣ ድሮ፣ ስጀምር ሥራ፣
ዊኒፍሬድ ለምትባል ሴት፣ ለመጣች ልጇን አዝላ፣ ፈርታ፣ ተጠራጥራ።
«አይዞሽ፣ ጊዜ አለሽ፤ ይኸው፣ እዚህ ተጽፏል።»
መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ጀርባው በወርቅ ተለብጧል።
ግን ያረጀ ቅጂ ነው፤
ሕጉን በመጋቢት ሽረውታል፣ እኔ ሳላየው።
የይግባኟ ቀን አለፈ።
አልተቆጣችኝም። መጽሐፉን በቀጠሮው መለሰች፤
«አድራሻዬ ተቀይሯል» አለች፣
የማላውቀው ከተማ ስም አስጽፋኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መደርደሪያውን አራግፋለሁ።
ጊዜው ያለፈ ሕግ ጊዜው እንዳለፈ መድኃኒት ነው፤
ጠርሙሱ ያምራል። አውጥቼ እጥላለሁ።

ስለዚህ ለኦስዊን ምክር አልሰጠሁትም። የሰጠሁት ወንበር፣
መነጽሬን (የራሱን ረስቶ መጥቷል)፣
እና ዘንድሮ የታተመ አንድ ቅጠል ነበር።
ጣቴን መስመሩ ላይ አሳርፌ ጠበቅኩት፣ እሱ እንዲያነበው።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ተመለሰ። ደገመው፦
ደብዳቤ ደብዳቤ ነው፤ ዳኛ ሳይፈርድ
ማንም ከቤቱ አውጥቶ አይጥለውም መንገድ።
«እንዲህ ይላል?» አለኝ። «እንዲህ ይላል» አልኩ።
«ታዲያ እረታለሁ?»
ምላሴን ነከስኩ።

«እሱን የምታውቅ ሰው ሐሙስ ትመጣለች፤
ወይዘሮ ታምሲን ሄይል፣ ነገረ ፈጅ ነበረች፤
ጡረታ ወጥታ፣ ከልጆች መጻሕፍት ክፍል፣ ከእንጨቱ ባቡር ጎን፣
ሳንቲም ሳትቀበል ትሰማለች የሰው ጉዳይ፣ ሙሉ ቀን።
ፖስታውን ከነቴምብሩ አምጣ፤ ቀኑ እንዳይጠፋ።
ኪራይህንም…» ልል ነበር። ዋጥኩት።
ያ የተጻፈበትን ገጽ ገልጬ፣ ፊቱ አስቀመጥኩት።

እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ወጣ። ከመስኮት አየሁት፣
ፖስታው ብብቱ ሥር፣ ዝናቡ ሲመታው፣ ሲያርሰው።
በቅሎውንስ በፍርድ ቢያጣት ይችለው ይሆናል ሰው፤
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ናት የምታንገበግበው።

ሐሙስ እረፍቴ ነው። ምን እንደተባባሉ አላየሁም።
ታምሲን የሰው ምስጢር አታወራም፤ እኔም አልጠይቅም።

ብርዱ አለፈ። ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ ብልጭ ድርግም ስትል፣ መጣ፤
ስለ ቲማቲም አተካከል መጽሐፍ ሊያወጣ።
እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አኖራት፣ ምንም ሳይል።
ካርዱ ጊዜው አልፏል። ላድስለት ጀመርኩ፤
እንደ ደንቡ፦ «አድራሻ ተቀይሯል?» አልኩ።
ቀና ብሎ አየኝ።
«አልተቀየረም» አለ፤ «ያው ነው፤ ቁጥር ዘጠኝ።»